እጅህን ያዳነው ክኒን

ጌትዬ፣

ከተለየኸኝ ዓመት ሊሞላህ ነው። እንዴት ነህ አልልህም፤ በቁምህም ደህና ነኝ ከማለት ሌላ አታውቅም ነበር።

ካትዌ ሰፈር ያለውን የብየዳ ወርክሾፕህን ሌላ ሰው ይዞታል። የሚበይደው በር ጠማማ ነው፤ ደስ ይበልህ። ልጃችን ሳሚ ዩኒቨርሲቲ ገብቷል። ስምህን ግን አያነሳም፤ እኔ ሳነሳ ወሬ ይቀይራል።

ትዝ ይልሃል፣ ፓርኪንሰን ያሉት በሽታ እጅህን ሲያንቀጠቅጠው ብየዳው አልገጥም ብሎህ ያለቀስከው? ከናይሮቢ ያስመጣንልህ ክኒን እጅህን ሲያረጋጋልህ እልል ብዬ ነበር። ብዙም ሳይቆይ፣ ካርታ ነክተህ የማታውቀው ሰውዬ ካዚኖ ውስጥ ተተከልክ። በቦዳ ሞተር ሳይክል ትሄዳለህ፣ ኪስህ ተራግፎ በእግርህ ትመለሳለህ። ለምን ብዬ ስጮህብህ እኔም አላውቅም ትለኝ ነበር። አላመንኩህም።

እዚህ በስደት ያቋቋምነው የሐበሾች ማኅበር ሽማግሌዎች በእመቤታችን ሥዕል ፊት አስማሉህ። መሐላህን ስታፈርስ፣ የሆነ ነገር ሰፍሮበታል ተባለና ጸበል ታዘዘልህ። መድኃኒትህንም እንዳታቋርጥ፣ በጸበሉ እንድትውጠው መከሩን። እኔም በየጠዋቱ አማትቤ አስዋጥኩህ። ጌትዬ፣ ጋኔን ላሉት ነገር ቁርሱን የምናቀርብለት እኛው ነበርን! ሲብስብህ ከማኅበሩ ሰረዙህ። አንተም አፍረህ ናሙዎንጎ ሰፈር አንዲት ክፍል ተከራየህ፤ እዚያው የሳንባ ምች ብቻህን ሳለህ ገደለህ።

ሰሞኑን የተረፈውን ክኒን ለሌላ በሽተኛ ይሁን ብዬ ንቲንዳ ሰፈር ክሊኒክ ለምትሠራ ሐኪም ወሰድኩላት። ባልሽ ቁማር ጀምሮ ነበር ወይ ብላ ጠየቀችኝ፤ ምንም ሳልነግራት። እጅህ የሚንቀጠቀጠው አንጎልህ ውስጥ ዶፓሚን የሚባለው ንጥረ ነገር ስላነሰ ነበር። ክኒኑ እሱን ተክቶ እጅህን ሲያረጋጋ፣ አንዳንድ ሰው ላይ ደግሞ የአንጎልን የምኞት ቦታ ይቆሰቁሳል፤ ልጓሙንም ያላላል። ሐኪሞችም ይህን ልብ ያሉት ቆይተው ነው አለችኝ። ብዙዎቹ ክኒኑ ሲቀየርላቸው ቁማሩን ይተዉታል። ሲቀየርላቸው ብቻ! ደረጃው ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ፤ ተሳደብኩም።

ለሳሚ ነገርኩት። ሰማኝና መቃብርህ የት ጋ እንደሆነ ጠየቀኝ። ቀብርህ ላይ አልመጣም ነበር።

ለሙት ዓመትህ እነዚያ ሽማግሌዎች ይመጣሉ። ከመብላታቸው በፊት ይሰሙኛል። መልአክ አላደርግህም፤ ቤታችንን አራቁተኸዋል፣ እሱንም አልረሳም። ግን ታመህ ነበር፣ ጌትዬ። ታመህ ነበር። እኔ እስካለሁ ድረስ ፊቴ ቆሞ ሌላ ስም የሚያወጣልህ አይኖርም።

ሚስትህ