ከበር የሚነበብ ፊደል

ሰኞ፣ ጥቅምት 5

ጉድ ፈላ ዛሬ። አሥራ ሁለቱም ግራፎች ወጡ፤ ፊደል ያለበት ቦታ ሁሉ ግን ባዶ ሳጥን። ርዕሱ ሳጥን፣ የፌርማታው ስም ሳጥን፣ ቀኑ ሳጥን... ኮዱ ምንም አላጠፋም። ግራፍ የሚስለው ፕሮግራም ይዞት የመጣው ፎንት የኛን ፊደል አያውቅም። ያላወቀውን ሁሉ ሳጥን ያደርገዋል።

የስምሪት ኃላፊያችን አንዱን አነሱት። ሾፌሮቹ "ፉጨት" ነው የሚሏቸው፤ ሲያስቡ ያፏጫሉ። ትንሽ አፏጩና፣ "ልጄ፣ እኛ አውቶቡስ ነው ያለን... ይሄ ሁሉ መስኮት የማን ቤት ነው?" አሉ።

ሳቅኩ። ምን ላድርግ?

ከዛሬ ጀምሮ ሥራዬ ይሄ ነው። አሥራ ሁለቱ የአውቶቡስ መስመሮች ባለፈው ሳምንት የትኛው ፌርማታ ላይ ስንት ደቂቃ እንደዘገዩ በግራፍ አውጥቼ በየሰኞው የሾፌሮቹ ማረፊያ ክፍል ግድግዳ ላይ መለጠፍ። በእጅ አይደለም፣ በኮድ። አንዴ ይጻፋል፣ አሥራ ሁለት ጊዜ ይስላል። ከሰዓት በኋላ የኛን ፊደል የሚያውቅ ፎንት ፈልጌ ጫንኩና ኮዱ አናት ላይ አንድ መስመር ጻፍኩ፦ ከአሁን በኋላ በዚህ ጻፍ። አሥራ ሁለቱም ባንዴ አፍ አወጡ።

አንዱን ጠቅልዬ ለአባዬ አመጣሁለት። አርባ ዓመት ታፔላ ሲጽፍ የኖረ ሰው ነው። ክር ሳይወጥር ቀጥ አድርጎ ስለሚጽፍ "ማስመሪያ" ይሉታል። እሱ መስኮቱ ጋ ወንበሩ ላይ፣ እኔ በሩ ጋ ወረቀቱን ዘርግቼ። አራት እርምጃ። "ሾፌር ቁጭ ብሎ አያነብም፣ እያለፈ ነው የሚያነበው" አለ። "ከበር ካልተነበበ አልተጻፈም በይው።"

አነበበው። ትንሽ ቆየ እንጂ አነበበው። የፊደሉ መጠን 28።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 6

አባዬ የጻፈው ታፔላ ሁሉ ታች ቀኝ ጥግ ላይ ጥፍር የምታክል ፊርማ አለችው፦ ማስመሪያ። ልጅ ሆኜ መንገድ ስንወጣ እጄን ይዞ "በይ የኔን አግኚ" ይለኝ ነበር። እኔ ስፈልግ እሱ ከመንገድ ማዶ አግኝቷታል።

ዛሬ ኮዱ ላይ አንድ መስመር ጨመርኩ። ታች ቀኝ ጥግ፣ መጠን 16፣ ፈዘዝ ያለ ግራጫ፦ የማስመሪያ ልጅ። ለማንም አልተናገርኩም። ሰኞ ሲያያት ምን ይል ይሆን?

ሰኞ፣ ጥቅምት 26

የሰባት ቁጥር መስመር ሃያ ሦስት ፌርማታ አለው። ሃያ ሦስት ስም ግራፉ ሥር ሲሰለፍ አንዱ አንዱ ላይ ወጥቶ አንድ ጥቁር ነገር ሆነ። አጋደልኳቸው፤ ሁሉም ስሞች ዘመም ብለው ተጻፉ። ኮርቼም ነበር።

"ሰው አንገቱን ሰብሮ ነው የሚያነበው?" አለ አባዬ።

"ቦታ የለማ።"

"ቦታማ አለ። ግራፉን አስተኚው።"

አልገባኝም። በእጁ አሳየኝ። ደቂቃውን የሚያሳዩት የቆሙት ዘንጎች በጎናቸው ይተኛሉ፣ ስሞቹ በግራ በኩል ቀጥ ብለው አንዱ ካንዱ ሥር ይደረደራሉ። ኮዱ ውስጥ የቀየርኩት አንድ ቃል ብቻ ነው። ኮምፒዩተር ነክቶ የማያውቅ ሰው በልጦኝ አረፈው።

ቀጥሎ ደግሞ "ፊደሉ ከስቷል" አለኝ። ወደ 34 አሳደግኩለት።

ስለ ፊርማዋ ምንም አላለም። ሦስተኛ ሳምንቷ ነው...

ሰኞ፣ ኅዳር 17

የትኛው ቀለም የዚህ ሳምንት፣ የትኛው ያለፈው ሳምንት እንደሆነ የምትናገር ትንሽ ሳጥን አለች። ሄዳ ረጅሙ ዘንግ ላይ ቁጭ አለችበት። ወደ ላይ ባነሳት ርዕሱን፣ ወደ ታች ባወርዳት ቁጥሩን ትሸፍናለች። ግማሽ ቀን ፈጀችብኝ።

አባዬ በአንድ ቃል ገላገለኝ። "አውጪያታ። ስሙን እዚያው ዘንጉ ጎን ጻፊው። ሰው አንዴ ወዲህ አንዴ ወዲያ ለምን ይንከራተታል?" ፊደሉ ግን አሁንም ከስቷል አለ። 42።

ደስ የሚለው ሾፌሮቹ ማንበብ ጀምረዋል። የሰባት ቁጥር መስመር ሾፌር፣ ስሟ ተረስቶ "ሰባት ቁጥር" ብቻ የምትባለው፣ ዛሬ ግራፏ ፊት ቆማ "ድልድዩ ጋ ስምንት ደቂቃ የበላሁት እኔ ነኝ?" እያለች ነበር። "አይ፣ ጎረቤትሽ ነው" አሏት ፉጨት። ክፍሉ ሳቀ።

አባዬ ፊርማዋን አሁንም አላነሳትም። አይቶ ዝም ብሎ ይሆን? ያ ከመንገድ ማዶ የሚያገኝ ሰው... ምናልባት "ለመፈረም ገና ነሽ" ማለቱ ይሆናል። ቅር ብሎኛል። እዚህ ካልጻፍኩት የት ልጽፈው?

ረቡዕ፣ ኅዳር 19

የሳሎኑን አምፖል ቀየርን። ደክሟል አለ አባዬ። በወሩ ሁለተኛው ነው።

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 8

52። ፊደሉ ሲያድግ የርዕሱ ጫፍ ከወረቀቱ ወጥቶ ተቆረጠ። የአሥራ አንድ ቁጥር ርዕስ "በየፌርማታው የዘገየው ደቂ" ብሎ ቀረ። ፉጨት "ቃው የት ወረደ?" ብለው ቀኑን ሙሉ ሲያሾፉብኝ ዋሉ። "ከዳር ሦስት ጣት ሳትተዪ ብሩሽ አታንሺ" አለኝ አባዬ። ኮዱም ከማተሙ በፊት ፊደሉን ለክቶ ህዳግ እንዲተው አደረግኩ።

አዲስ ልማድ አምጥቷል ደግሞ። ወረቀቱን ስዘረጋ "ርዕሱን አንቺ አንብቢልኝ፣ እንዴት እንደሚሰማ ልስማው" ይላል። ጥሩ ርዕስ በጆሮም ይፈተናል አለኝ። እውነቱን ነው። ለሥራ ባልደረቦቼም ነገርኳቸው።

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 29

"አሁንም ከሳ?"

"ከሳ።"

64። በዚህ አያያዝ የምከሳው እኔ ነኝ።

ሰኞ፣ ጥር 13

72 አስገባሁ። ርዕሱ ብቻውን የወረቀቱን እኩሌታ በላ። የቀረውን የፌርማታ ስሞች ተሻሙት። ዘንጎቹ ቀኝ ዳር ላይ ተጨናንቀው የክብሪት እንጨት አከሉ።

ፉጨት ረጅም ፉጨት አፏጩ። "ልጄ፣ ፊደሉን አይቼዋለሁ። ግራፉ ግን የት ሄደ?"

"ከበር እንዲነበብ ብዬ ነው።"

ሰባት ቁጥር ከት ብላ ሳቀች። "እህቴ፣ እኛን ዕውር አደረግሽን እንዴ? የጥቅምቱንም እኮ በር ላይ ቆሜ ነው ያነበብኩት። ከዚያ ወዲህ ለማን እንደምታሳድጊው ነው ግራ የገባን።"

ለማን?

አብሬያት ልስቅ ስል ትዝ አለኝ። አምፖሉ። "ርዕሱን አንቺ አንብቢልኝ።" ጥግ ላይ ያለችው ፊርማ...

ቤት ስደርስ ፀሐይ አልገባችም፣ መጋረጃውም ተከፍቷል። የመጀመሪያውን፣ የጥቅምት 5ቱን ወረቀት አውጥቼ በሩ ጋ ዘረጋሁት። አባዬ አየው። ቆየ። አገጩን አሸት አሸት አደረገ።

"ቀለሙን ቀብተሽዋል" አለ። "ፊደሉን መቼ ነው የምትጽፊበት?"

ያንኑ ወረቀት በጥቅምት ከዚያው ወንበር አንብቦልኛል። ወጥ ቤት ገብቼ ቧንቧውን ከፍቼ አለቀስኩ። ሦስት ወር ሙሉ ፊደል ሳሳድግ አንድ ቀን ዓይኑን ቀና ብዬ አላየሁም። የታባቴ ነበርኩ?

ማክሰኞ፣ ጥር 14

ሐኪም ጋ እንሂድ አልኩት።

"ዓይኔ ደህና ነው። ፊደልሽ ነው የከሳው።"

"ሰባ ሁለት ነው እኮ አባዬ። ሰባ ሁለት ገብቶ የሚከሳ ፊደል የለም።"

ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ጆሮ ዳባ ልበስ። እራት ላይ ነው እውነቱ የወጣው። አብሮት ቀለም ይበጠብጥ የነበረ ጓደኛው ለዓይኑ ብሎ ሐኪም ቤት ገብቶ በከዘራ እየተመራ ወጣ። "ካልነገሩኝ ተስፋ አለኝ" አለ አባዬ። "አለቀልህ ካሉኝ ግን... በዚህ ዓይን ነው ሰው የሆንኩት።"

ፈርቷል። ሦስት ፎቅ መሰላል ላይ ቆሞ ሲያፏጭ የነበረ ሰው ፈርቷል። እኔም ፈራሁ። እንዲህ እያልን እስከ መቼ? አንድ ቀን የትኛውም ፊደል አይበቃውም።

ሐሙስ፣ ጥር 16

ለመንኩት፣ ተቆጣሁት፣ አኮረፍኩት። አልሆነም። ዛሬ ግን አንድ ነገር መጣልኝ።

የየሳምንቱን ኮድ አስቀምጣለሁ። ሁሉም ውስጥ የፊደሉ መጠን ተጽፏል። 28፣ 34፣ 42፣ 52፣ 64፣ 72። ከታች ቀኑን፣ በግራ መጠኑን አድርጌ ግራፍ ሠራሁት። በራሱ ሕግ ነው የሠራሁት፦ የሚንከራተት ሳጥን የለም፣ የዘመመ ስም የለም፣ ከዳር ሦስት ጣት። አንድ ወፍራም ጥቁር መስመር። አራት ወረቀት አጣብቄ ርዕሱን መዳፍ በሚያክል ፊደል ጻፍኩት፦ አባዬ ከበር የሚያነበው ትንሹ ፊደል።

በሩ ጋ ዘረጋሁት።

"አንብቢልኝ" አለ።

"አይ። ዛሬ አንተ ታነባለህ።"

አነበበው። ቃል በቃል፣ ቀስ ብሎ። እጄ እስኪዝል ወረቀቱን ያዝኩለት።

"መስመሩ ወደ ላይ ነው የሚሄደው" አለ።

"አዎ።"

"ወረቀቱ ሲያልቅስ?"

"ከወረቀት የሚበልጥ ፊደል ከየት አመጣልሃለሁ አባዬ?"

አንጀቴን በላኝ፣ ቃሌን ግን መልሼ አልወሰድኩም። ጣቶቹን እያፍተለተለ ብዙ ተቀመጠ።

"ርዕሱ መሃል አይደለም። ወደ ግራ ሸሽቷል፣ ሁለት ጣት ያህል።"

ለካሁት። ሁለት ጣት ነው።

"እሱን አስተካክዪና" አለኝ፣ "ቀጠሮ ያዢ።"

ረቡዕ፣ ጥር 22

ሞራ ነው! የዓይን ሞራ፣ በሁለቱም። ሐኪሟ ወጣት ናት፣ ረጋ ያለች። የደፈረሰውን ሌንስ አውጥተን ንጹሕ እናስገባለን አለች። "የመስታወት ሥራ ነው በይኛ" አላት አባዬ። "እንደዚያ ይበሉት አባባ።"

ያቺን ዓይን የሚለኩባትን የፊደል ሰሌዳ አሳየችውና ምን ይታይዎታል አለችው። "የላይኛው ብቻ" አለ። "እሱም መሃል አይደለም።" ሐኪሟ ዞራ ሰሌዳዋን አየቻት። ከስንት ቀን በኋላ ከልቤ ሳቅኩ።

አርብ፣ የካቲት 8

ቀኝ ዓይኑ ተሠራ። ግማሽ ሰዓት እንኳ አልፈጀም። ኮሪደሩ ላይ ቁጭ ብዬ የበሩን ቁጥር ስንት ጊዜ እንዳነበብኩት እኔ ነኝ የማውቀው። በጥሩ ፊደል ነው የተጻፈው።

ቅዳሜ፣ የካቲት 9

ሽፋኑን አነሱለት። ዞር ብሎ አየኝ፣ ደጋግሞ አየኝ። "አርጅተሻል" አለኝ። ቤት ገብተን ቀና ሲል ደግሞ "ይሄን አምፖል ማነው የሰቀለው? ዓይን ሊያጠፋ ነው?"

ሰኞ፣ መጋቢት 2

ፊደሉን ወደ 28 መለስኩት። ፉጨት ማረፊያ ክፍሉ ገብተው አጭር ፉጨት አፏጩ። "ግራፉ ከሄደበት ተመለሰ" አሉ። ሰባት ቁጥር ከበር ሆና የራሷን አነበበች፦ ድልድዩ ጋ ሁለት ደቂቃ። ስምንት የነበረው። ቀኑን ሙሉ ስትኮራ ዋለች።

ማታ እንደ ልማዳችን። እሱ ወንበሩ ላይ፣ እኔ በሩ ጋ። አንብቢልኝ አላለም። ርዕሱን አነበበ፣ ሃያ ሦስቱን ፌርማታ እንደ ስም ጥሪ ወረደባቸው። ሰማያዊው በዛ አለ። ቁጥሮቹ ለዘንጉ ተጠግተዋል አለ። ይንቀፈኝ፣ አንጀቴን አራሰው።

ከዚያ ተነሳ። ሁለት እርምጃ መጣና ቆመ። ዓይኑ ታች ቀኝ ጥግ ላይ ነው።

"የማስመሪያ ልጅ" አለ።

ወረቀቱን ከፍ አድርጌ ያዝኩለት።

"ዛሬ ነው የጻፍሻት?"

"ከጥቅምት ጀምሮ አለች። በየሳምንቱ፣ አሥራ ሁለቱም ላይ።"

ጥቂት ጊዜ ወደ መስኮቱ ዞሮ ቆመ። ሲዞር ያ አዲሱ ዓይኑ እንባ አቅርሯል። ሐኪሟ ያዘዘችው የዓይን ጠብታ ነው አለኝ። ጠብታውን ጠዋት ነው ያደረግኩለት።

"ያመጣሻቸውን ሁሉ አውጪያቸው" አለ።

አወጣኋቸው። ከመስኮቱ እስከ በሩ ወለሉ ላይ ደረደርናቸው፣ መርገጫ ጠፋ። እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ ድሮ መንገድ ላይ እንደምንሄደው ቀስ እያለ ያልፍባቸው ጀመር። እያንዳንዱ ወረቀት ላይ ሲደርስ ጥግ ጥጉን ብቻ እያየ "አገኘኋት" ይላል። "አገኘኋት።" እኔ ከኋላው ነኝ።

በሩ ጋ የመጨረሻው ወረቀት ላይ ቆመ። ጎንበስ አለ። ቀና አለ፣ እንደገና ጎንበስ አለ።

"ይሄኛው ላይ የለችም" አለኝ።

ልክ ነው። የጥቅምት 5ቱ ነበር፤ ያኔ ገና አልፈረምኩም ነበር።