አንድ አድርገን ያልንበት ሳምንት

ጥር 14፣ ረቡዕ

ዝናብ። አውቶቡሱም ዘገየ። ክፋር አቭራሃም ሰፈር ስደርስ የማስታምማቸው አሮጊት፣ ሳቭታ ሄለና (በዕብራይስጥ አያት ማለት ነው)፣ ተነሥተው ጠበቁኝ። ቡና በወተት አቀረቡልኝ። «ሆዴን አሞኛል» አልኩ። ሳቁ።

«ረቡዕና ዓርብ ብቻ ነው የሚያምሽ?»

ከመሳቢያ መቁጠሪያ አወጡ፣ መስቀል ያለው። ለካ ካቶሊክ ናቸው! ከፖላንድ ይሁዲ ባል ተከትለው የመጡ። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ማንም አያውቅም አሉኝ። እዚህ ከተማ ውስጥ ተደብቃ የምትኖር ክርስቲያን እኔ ብቻ መስሎኝ ነበር።

ጥር 16፣ ዓርብ

ሳቭታ ሄለና እሑድ ኢየሩሳሌም የአንድነት ጸሎት አለ አሉኝ። አርመኑ፣ ካቶሊኩ፣ ፕሮቴስታንቱ፣ የኛም፣ ሁሉም በአንድ ላይ። ተራው የሐበሻ ቤተ ክርስቲያን ነው። ብቻቸውን መሄድ አይችሉም። «ትወስጂኛለሽ?»

ሰው ቢያየኝስ? ባሌ ዋኘው ለእናቱ «ከሽሬ የመጣች እስራኤላዊት ናት» ብሎ ነው ያገባኝ። እናቱ እማማ አሰፋች ሱዳን በረሃ ላይ ከራሳቸው ቅል ውሃ አጠጥተውኛል። ክርስቲያን መሆኔን ቢያውቁ... አገር ቤት ክርስቲያን ከነካቸው ወንዝ ወርደው ሳይታጠቡ ቤት የማይገቡ ሴት ናቸው።

ዋኘውን ለመንኩት። «አንድ ቀን ብቻ» አለ፣ ፊቱን አዙሮ።

ጥር 19፣ ሰኞ

ትናንት ሄድን። እማማን «አሮጊቷን ኩፓት ሆሊም ሐኪም ዘንድ ልወስዳቸው ነው» አልኳቸው።

ደጃፉ ላይ ጫማዬን አወለቅኩ። ሁሉም በየቋንቋው አባታችን ሆይ አለ። አልረሳሁትም ለካ! መጀመሪያ በከንፈሬ፣ ኋላ ድምፄን አውጥቼ። አለቀስኩ። ሳቭታ ሄለና እጄን ይዘው በፖላንድኛ ይላሉ። «አንድ አድርገን» ሲባል ሁሉም አሜን አለ።

ሲያልቅ ጠየቁኝ። «ቁርባን የለም እንዴ?»

የለም። አብሮ ይጸለያል እንጂ አብሮ አይቆረብም። ቄሶቹ ተሳስመው በየመንገዳቸው ሄዱ። አውቶቡስ ውስጥ «አብሮ ሲቆረብ ሳልሞት አየዋለሁ ብዬ ነበር» አሉ፣ ከፍቷቸው። «ያላ፣ በሉ እንግዲህ፣ ይበርድዎታል» ብዬ ሻርፓቸውን ጠመጠምኩላቸው።

ጥር 21፣ ረቡዕ

አስተርእዮ ማርያም። ሥራ ዋልኩ፣ ሌላ ነገር የለም። ከእሑድ ወዲህ ግን አፌ አልገዛ ብሎኛል። ሳላስበው መዝሙር አንጎራጉራለሁ።

ጥር 25፣ እሑድ

ትናንት አልጻፍኩም። እማማ ፊት በሰንበት እስክሪብቶ አይያዝም።

ዓርብ፣ ሰንበት ሊገባ ሲል፣ ልጄ ዳቪድ ከወንበር ወደቀ። «በስመ አብ!» አልኩ። ጮኼ። አማተብኩም።

ልጁ ምንም አልሆነ። እማማ ግን ሰምተውኛል። ዋኘው «ጎረቤቶቿ ክርስቲያኖች ስለነበሩ ነው፣ የአፍ ልማድ...» ሲል፣ «አንተ ዝም በል» አሉት። ወደ እኔ ዞሩ።

«ዘሪቱ ልጄ፣ በእግዚአብሔር ፊት ንገሪኝ። ምንድን ነሽ?»

መዋሸት አቃተኝ። ታከተኝ መሰለኝ።

«ክርስቲያን ነኝ፣ እማማ።»

አልጮኹም። ቢጮኹ ይሻለኝ ነበር። «እኔ እኮ ልጄ ብዬ...» አሉና ክፍላቸው ገቡ። የሰንበቱን ምግብ ሳይቀምሱ አደሩ።

የካቲት 2፣ እሑድ

እማማ አልሄዱም። ታላቅ ልጃቸው ካሳው መጥቶ «ክፋር ጋኒም ሰፈር እኔ ጋ ይኑሩ» ቢላቸው፣ «የልጅ ልጄን ማን ይይዘዋል?» ብለው እንቢ አሉት። ደስ አለኝ። ሞኝ ነኝ።

የራሳቸው ድስት፣ የራሳቸው ሳህን አላቸው አሁን። ሻይ ሳቀርብላቸው «እዚያ አስቀምጪው» ይላሉ። ሳይነኩት ይቀዘቅዛል። ዋኘው የእኔንም የእሳቸውንም ወጥ ይቀምሳል፣ ከሁለቱም አይጠግብም።

ዛሬ ጠዋት ለሥራ ስወጣ ዳቪድ አንገቴን ይዞ አለቀሰ። አልለቅ አለ። እማማ መጡና እጃቸውን ዘረጉ። ልጁን ከእጄ ተቀበሉት፤ ጣቶቻችን ተነካኩ። እሹሩሩ አሉት፣ ዝም አለላቸው። ስመው ፍራሹ ላይ አስቀመጡትና ወደ ቧንቧው ሄዱ። እስከ ክርናቸው ታጠቡ።

የታጠቡት ከእኔ ነው ወይስ ከልጁም ጭምር? ውሃው እስኪዘጋ ደጃፉ ላይ ቆሜ ነበር። አልጠየቅኳቸውም።