መጋዛችንን በሙዚቃ ላጀቡልን ኃላፊ

ለተከበሩ የድርጅታችን የሠራተኞች ደህንነት ክፍል ኃላፊ
ምንጣፍ ካለበት ፎቅ፣ ባሉበት

ክቡር ሆይ፦

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎና ለመላው ቤተሰብዎ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ ወገብዎ ሳይጎብጥ፣ ዓይንዎ ሳይደክም፣ በተለይ በተለይ ደግሞ ሁለቱም ጆሮዎችዎ የጉንዳን ኮቴ ሳይቀር እየለዩ እስከ ሽበትዎ እንዲዘልቁልዎ ከልቤ እመኛለሁ። ለጆሮዎ አብዝቼ የምመኝበትን ምክንያት ዝቅ ብለው ያገኙታል።

ማን እንደሆንኩ ካላወቁኝ፣ በእንጨት ሥራ ድርጅታችን ማለስለሻ ክፍል ውስጥ ወንበርና ጠረጴዛ በብርጭቆ ወረቀት ስፈትግ የምውል ሴት ነኝ፤ በስብሰባ ጊዜ ከኋላ ተቀምጣ ሳይፈቀድላት የምትናገረዋ ካሉ አወቁኝ ማለት ነው። ከእኛ ክፍል በአንዲት ስስ ግድግዳ ተለይቶ በትልቁ ክብ መጋዝ ላይ የሚሠራው ረጅሙ ሰውዬ ደግሞ የእናቴ ልጅ፣ ታላቄ ነው። እኔ ወንድም ጋሼ እለዋለሁ፤ ባልደረቦቹ ግን ከመንገድ ማዶ ሆኖ ሲያፏጭ ሰውም ውሻም ዞር ብሎ ስለሚያየው «ፉጨት» ብለው ስም አውጥተውለታል። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ስለ እሱ ጆሮ ነው፤ ሌላው ሁሉ ለጨዋታ ያህል ነው።

ምስጋና ይቅደም። የጆሮ መከላከያ የተመረጠበትን ዕለት እኛ በአካል ባንገኝም፣ የጽዳት ሠራተኛዋ የውኃ ብርጭቆ ልታነሳ ገብታ ሁሉን ስላየች፣ እንደተገኘን ይቁጠሩት። በስብሰባ አዳራሹ በሩ ተዘግቶ፣ መጋረጃው ተጋርዶ፣ ዝንብ እንኳ ውር ሳትል ሦስት ዓይነት መከላከያ በጠረጴዛው ላይ ተደረደረ። የመጀመሪያው እንደ ቡሽ ጆሮ ውስጥ የሚወተፈው ነበር፤ «ይሄማ ጠፍቶ ነው የሚያልቀው» ተብሎ ተገፋ። ሁለተኛው ያ ጥቁሩ፣ ወፍራሙ፣ ጭንቅላትን ጥብቅ አድርጎ የሚይዘው፣ መልኩ ግን እውነት ለመናገር የማያምረው ነበር። እርስዎም ዓይንዎን ጨፍነው አጠለቁት፣ ጥቂት ቆዩ፣ አወለቁትና «ይሄ ምንም አያሰማም፤ ተበላሽቷል መሰለኝ» ብለው ወደ ጎን አስቀመጡት። ያ ብርማው፣ ቀጭኑ፣ ሙዚቃ የሚጫወተው ሲመጣ ግን ፊትዎ በራ፤ ዓይንዎን እንደጨፈኑ ራስዎን እየነቀነቁ «ጥርት አድርጎ ያሰማል!» አሉ፣ ኮሚቴውም በሙሉ ድምፅ አጸደቀው። ክቡር ሆይ፣ ጆሮን ከጩኸት ለመከለል የሚገዛ ዕቃ በደንብ ስላሰማ ተመርጦ ሲያሸንፍ በዕድሜዬ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ጃንጥላ ሊገዛ ሄዶ ዝናብ በደንብ የሚያሳልፈውን መርጦ እንደተመለሰ ሰው ማለት ነው።

በዚያው ሳምንት «ለአንድ ወጥነት» በሚል መመሪያ፣ መጋዝ ቤቱ ከድሮ ጀምሮ ይጠቀምባቸው የነበሩት ወፍራም መከላከያዎች ተለቅመው ግምጃ ቤት ገቡ፣ ተቆለፈባቸውም። እኛም፣ አይደብቁት ነገር፣ ብርማው በየጭንቅላታችን ላይ ሲወጣ እልል ብለን ነበር። ነገሩ የገባን በኋላ ነው፤ የገባንንም በትሕትና እንደሚከተለው እዘረዝራለሁ።

አንደኛ፣ ሙዚቃው። እርስዎ ከቢሮዎ ሆነው መርጠው ለሁላችንም በአንድ ጊዜ የሚለቁልን የጠዋት ዘፈኖች ሁሉም የመለያየት፣ የመከዳትና የብቻ መቅረት መሆናቸውን ልብ ብለውት ይሆን? ቫርኒሽ ቀቢዋ እጮኛዋ በቅርቡ ጥሏት የሄደ ልጅ ናት። ከሁለተኛው ዘፈን በኋላ እንባዋ ቫርኒሹ ላይ ጠብ ጠብ ይላል፤ በዚያ ሰሞን የወጡት ጠረጴዛዎች ለምን ነጠብጣብ እንዳለባቸው ደንበኞች ቢጠይቁዎ መልሱ ይኸው ነው። «ደስ የሚል ዘፈን ይግባልን» ብለን ስንለምን ደግሞ ጭፈራ አመጡልን፤ አቤት ጭፈራ! በመጋዝ ቤት ሰው በአፉ አይነጋገርም፣ በእጁ ነው፤ አንድ እጅ ካነሳህ እንጨት አምጡ፣ ሁለት እጅ ወደ ላይ ካነሳህ መብራቱን አጥፉ፣ ማሽን ይቁም ማለት ነው። የእርስዎ ዘፈን አዝማቹ ላይ ሲደርስ ቤቱ በሙሉ ሁለት እጁን ወደ ላይ አነሳ፤ ኤሌክትሪሻኑ ክው ብሎ ማጥፊያውን ጎተተው፣ ድርጅቱም በአንድ ትንፋሽ ጸጥ አለ። ይህ ሲደጋገም እርስዎ ኤሌክትሪሻኑን ጠርተው «የሚጨፍረውንና የሚጣራውን ለይ» ብለው ገሠጹት፤ እሱም ታዛዥ ነውና መለየት ጀመረ። ወንድሜ እንጨት ተቀርቅሮበት፣ መጋዙ እንጨቱን መልሶ ሊወረውርበት ሲል የእውነቱን ሁለት እጁን ቢያነሳ፣ ኤሌክትሪሻኑ ከወዲያ ሆኖ ትከሻውን እየነቀነቀ አጀበው። እንጨቱ በጆሮው ሥር አልፎ ግድግዳውን መታ። ተርፏል፣ ተመስገን ነው፤ ለጭፈራው ግን አመሰግናለሁ ማለት አቃተኝ።

ሁለተኛ፣ ኮሜዲው። ቀልዱ ያስቃል፣ አልክድም። ችግሩ ያ ሁሉ ሰው በአንድ ቅጽበት መሳቁ ላይ ነው፤ መላጊያ ማሽን ላይ ያለው ይስቃል፣ ቀዳጁ ይስቃል፣ መለኪያ የያዘው ይስቃል፣ እንጨቱ ግን አይስቅም፤ እንደተያዘ ይቆረጣል። አንድ እግራቸው አጥሮ የሚወጡትን ወንበሮች እኛ «የኮሜዲ ወንበር» እንላቸዋለን። ደብዳቤዬን ሲያነቡ ወንበርዎ ወዲያና ወዲህ የሚልብዎ ከሆነ፣ የትኛው ቀልድ ላይ እንደተሠራ ልነግርዎ እችላለሁ።

ሦስተኛ፣ ከሰዓት በኋላ የሚለቁልን ፊልም። ፊልም ለጆሮ ብቻ ማሳየት የእርስዎ የራስዎ ፈጠራ ስለሆነ ማንም አይቀማዎትም። ሳምንቱን ሙሉ በር ሲጢጥ ሲል፣ ጫማ ኮቴ ሲያሰማ፣ ሴትዮዋ ስትጮህ ሰማን፤ መጨረሻ ላይ መርማሪው ሁሉንም ሰብስቦ «ገዳዩ አንተ ነህ!» አለ። ማንን? ጣቱን ወደ ማን እንደቀሰረ የምናይበት ዓይን የለን! ፎርማኑ ሾፌሩ ነው አለ፤ አናጢው ደግሞ የሟች ወንድም ነው ብሎ በእናቱ ማለ፤ ይኸው ሁለቱ እስከ ዛሬ እግዜር ይስጥልኝ አይባባሉም። ተወካይ መርጠን ወደ ቢሮዎ ብንመጣ፣ ስለ መከላከያው ልናነጋግርዎ ስንመጣ ሁልጊዜ ስብሰባ ላይ የሚሆኑት ሰው፣ ለገዳዩ ጉዳይ ከመቀመጫዎ ተነስተው ተቀበሉን። ፈገግ ብለውም «ከነገርኳችሁማ ምን ጣዕም አለው?» ብለው ሸኙን።

አራተኛውን ስጽፍ ጨዋታዬ ትንሽ ይቀዘቅዛል፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ብርማው መከላከያ የመጋዙን ጩኸት ስለማያስቀር፣ ሙዚቃው እንዲሰማ ከመጋዙ በላይ መጮህ አለበት። እንኳን ዘንቦብሽ እንዲያውም ጤዛ ነሽ አሉ፤ ድሮ መጋዝ ብቻ ይጮኽበት የነበረ ጆሮ ዛሬ መጋዝም ዘፋኝም ይጮኹበታል። ወንድም ጋሼ ደግሞ ከመጋዙ ጋር አፍንጫ ለአፍንጫ ነው የሚውለው። መጀመሪያ «ጆሮዬ ውስጥ ጢዝዝ የሚል ነገር ገባ» አለን፣ ሳቅንበት። ከዚያ የነገሩትን ሁሉ «እ?» ማለት አመጣ። አሁን «እ?» ማለቱንም ተወው፤ አፍ አፋችንን እያየ፣ እኛ ስንስቅ ይስቃል፣ ትንሽ ዘግየት ብሎ። ትንሿ ልጁ፣ ገና ፊደል ያልጨረሰችው፣ የምትነግረው ነገር ሲኖራት ጭኑ ላይ ትወጣና አገጩን በሁለት እጇ ይዛ ፊቱን ወደ ራሷ ታዞራለች፣ መናገር የምትጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። ማንም አላስተማራትም። ያን ያየሁ ቀን ጓሮ ወጥቼ አለቀስኩ፤ አልቅሼ ስጨርስ ደግሞ ተናደድኩ፤ ንዴቱ ይኸው እስከ ዛሬ አልበረደልኝም።

ጎትቼ ሐኪም ዘንድ ወሰድኩት። የመስታወት መስኮት ባላት ጠባብ ክፍል ውስጥ አስቀምጠው፣ ድምፅ በሰማህ ቁጥር ይህችን ተጫን አሉት። ጣቱን አዘጋጅቶ ጠበቀ፣ ጠበቀ፣ በመጨረሻ ብቅ ብሎ «ማሽናችሁ አልጀመረም እንዴ?» አላቸው። ለካ ጀምሮ ጨርሷል። ሐኪሟ የሄደው አይመለስም፣ የቀረው ግን በደንብ የሚከልል መከላከያ ካገኘ ይቆያል አለችን፤ እኔም ያን «የቀረው» የሚለውን ቃል ይዤ ወጣሁ።

ወንድሜም ወፍራሙ መከላከያ ከግምጃ ቤት ወጥቶ ይመለስልኝ ብሎ አመለከተ። የእርስዎ መልስ እንደ መብረቅ ፈጠነ፤ የጆሮውን መድከም በጥልቅ ኀዘን ተረድተው፣ ለእሱ ለብቻው የሙዚቃው ድምፅ ከሌሎቻችን ከፍ ብሎ እንዲለቀቅለት ፈቀዱ። ወይ ደግነት! ከዚያ ወዲህ ደጃፍዎን ብመላለስበትም ጆሮ ዳባ ልበስ ስላሉኝ፣ ነገሬን አደባባይ ላይ ማውጣት ግድ ሆነብኝ። እሱ ራሱ መጻፌን አይወድም፤ «ተይ እህቴ፣ ሙዚቃ የሚወድ ሰው ክፉ አይሆንም» ይለኛል። እኔም ክፉ ነዎት አልወጣኝም። ክፉ ቢሆኑማ ነገሩ ይቀለኝ ነበር፤ ከክፉ ሰው ሲሸሹ ይገላገሉታል፣ ከደግ ሰው ስጦታ ግን ወዴት ይሸሻል?

መንቀፍ ብቻ እንዳይሆንብኝ የራሴንም ምርጫ ላቅርብ። ለመከላከያ የምመርጠው ያንኑ ወፍራሙን፣ የማያምረውን፣ «የተበላሸውን» ነው፤ አጥልቀውት ምንም ካልሰሙ እሱ ነው፣ እንዳይለቁት። ለሙዚቃ፣ ከሥራ በኋላ በየቤታችን፣ እያንዳንዱ የወደደውን፣ በቀረው ጆሮ። ለፊልም፣ ምስል ያለው ይሁን እንጂ የፈለጉትን። ለኮሜዲ ደግሞ የጽዳት ሠራተኛዋ የመረጣውን ስብሰባ ስትተርክ፤ ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነውና እርስዎ አልሰሙትም እንጂ፣ ዓይንዎን ጨፍነው ራስዎን የሚነቀንቁበት ቦታ ላይ ስትደርስ እንባ በእንባ ነው የምንሆነው። ማሽን ጠፍቶ ነው የምትተርክልን፣ ለደህንነታችን አያስቡ።

ልመናዬ አንድ ናት፤ ግምጃ ቤቱ ይከፈት፣ ወፍራሞቹ መከላከያዎች ለመጋዝ ቤቱ ይመለሱ። ወጥነቱ የሚያሳስብዎ ከሆነ ለሁላችንም ያንኑ ያስደርጉን፣ አንድ ዓይነት እንሆናለን። እምቢ ካሉም አንድ ጠዋት ወረድ ይበሉና ብርማውን አጥልቀው ከወንድሜ አጠገብ ይቁሙ፤ ዘፈኑን እርስዎ ይምረጡ።

ወገቤን አጥፌ፣ አንገቴን ደፍቼ፣ አቧራዬን አራግፌ፣ ለከበረው ጊዜዎና ላልተቋረጠው ደግነትዎ ምስጋናዬን ከጫማዎ ሥር የማኖር፣

ታዛዥዎ
የፉጨት ታናሽ እህት፣
ከማለስለሻ ክፍል

ግልባጭ፦
ለግምጃ ቤቱ ቁልፍ ያዥ (ቁልፉ የት እንዳለ ከወዲሁ ይፈልጉልን)
ለፎርማኑና ለአናጢው (ኧረ በሕግ አምላክ፣ ታረቁ)

ማስታወሻ፦ ጉዳዩ የወንድሜ ስለሆነ፣ ደብዳቤውን ከመላኬ በፊት ቤቱ ሄጄ አነበብኩለት። «ጮክ በይ» አለኝ፤ ጮክ አልኩ። «አሁንም ጮክ በይ» አለኝ፤ ጉሮሮዬ እስኪነቃ ጮክ አልኩ። ጎረቤቷ ምጣዷን ትታ በር ላይ ቆመች፣ ላይኛው ፎቅ ያሉት መስኮት ከፈቱ፣ መንገደኛ ሳይቀር ቆሞ አዳመጠ፤ ስጨርስም አጨበጨቡልኝ። ስለዚህ ይህን ደብዳቤ ግልጽ አደረግሽው ብለው እንዳይቀየሙኝ፤ ገና ሳይላክ ሰፈሩ በሙሉ ሰምቶታል። ያልሰማው ወንድሜ ብቻ ነው። ሁለተኛው ያልሰማ ሰው እርስዎ እንዳይሆኑ እለምናለሁ፤ እሱ እንኳ ምክንያት አለው።