የተገለበጠው ሰባተኛ ጥያቄ

ኅዳር 3
ልጻፈው፣ አልጻፈው እያልኩ ነበር... ዛሬም ክፍል ውስጥ ቃል አልተነፈስኩም። ሶሺዮሎጂ ሰውን ማጥናት ነው ሲሉኝ ከሩቅ መስሎኝ። ለካ ማነጋገርም አለበት። አምስት አምስት መጠይቅ ታደለን። አምስት አረጋውያን ቤታቸው ሄዶ መጠየቅ። ወረቀቱ ላይ በደማቁ፦ «ጥያቄ የለወጠ ውጤት አይያዝለትም።» ሌሎቹ ቢወድቁ ይደግማሉ። እኔ ሁለት ዓመት ትምህርት አቋርጬ፣ በሙከራ የገባሁ ነኝ። ከወደቅኩ ወደ ቤት።

ኅዳር 5
የመኝታ ክፍል ጓደኛዬ (ሬዲዮ ነው የምንላት፣ አትዘጋም) ልታለማምደኝ ትራስ አቅፋ አሮጊት ሆነች። «ጠይቂኝ እንጂ ልጄ። የደከመው የኔ ጆሮ ነው፣ ያንቺ አፍ ምን ሆነ?» ሳቅኩ። አልጠየቅኳትም።

ኅዳር 8
የመጀመሪያ ቤት። ልብስ ሰፊ ናቸው፣ ሰባ አንድ ዓመታቸው። መርፌ በከንፈራቸው እንደያዙ አስገቡኝ። ሰባተኛው ጥያቄ «ማን ይጦርሻል?» ይላል። አያቴን የሚያህሉ ሴት እንዴት አንቺ ይባላሉ? በእርስዎ ላደርገው ስል ምላሴ ተጠላለፈ... «ማንን ይጦራሉ?» ብዬው አረፍኩ።
መርፌውን አወጡ። «መጦርስ ለሽማግሌ ነበር። እኔ አርባ የሞላው ጎረምሳ እጦራለሁ።»
ከጓዳ የልጃቸው ድምፅ፦ «እማዬ፣ እየሰማሁሽ ነው።»
«ስማ። ይጻፍልኝ።»
ሥራ ያጣው ልጃቸው፣ ሁለት የልጅ ልጆች፣ አልጋ የያዘች እህት። ቦታው አልበቃኝም፣ ጀርባው ላይ ጻፍኩ። ስህተቱን ሳላርም ወጣሁ።

ኅዳር 9
የቀሩትን አራት ቤቶችም እንደዚያው ጠየቅኩ። ሆን ብዬ? አዎ... ሆን ብዬ። ሦስቱ የሚጦሩት ሰው አላቸው።

ኅዳር 12
አስረከብኩ። በአፌ መናገር ስላቃተኝ ከሰባተኛው ጥያቄ አጠገብ በእርሳስ፦ «መጀመሪያ ተሳስቼ ነው የገለበጥኩት። ሌሎቹን ግን አውቄ ነው።» ምን አስጻፈኝ?

ኅዳር 15
መምህሯ ቢሮዋ ጠራችኝ።
«ሰባተኛውን የገለበጥሽው አንቺ ነሽ?»
ራሴን ነቀነቅኩ።
«መጠይቁን ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ። ሽማግሌ ሁሉ ጥገኛ ነው ብዬ ጀመርኩ። በእነሱ ትከሻ ማን እንዳለ አልጠየቅኩም። እርዳታ ለማን ይድረስ ብለን ሪፖርት ስንጽፍ እኮ ይሄ ነበር የሚያስፈልገን።»
ደስ ሊለኝ ሲል... «አንቺም ግን ግማሹን ነው የጠየቅሽው። እነሱንስ ማን ይጦራቸዋል?»
«አላውቅም።»
ድምፅ ወጣኝ። ሰማችኝ።
የቀረውን ጥያቄ ጠይቄ ካመጣሁ አምስቱም ይያዙልኛል። መጠይቁም ለሁሉም በአንቱታ ይታረማል፣ ሁለቱም ጥያቄ ይገባበታል። ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ ተነፈስኩ። ከኅዳር 3 ጀምሮ ይዤው የኖርኩት ትንፋሽ መሰለኝ። ለሬዲዮ ከሀ እስከ ፐ ነገርኳት። እሷ ዝም ብላ ሰማች። ጉድ ነው።
ነገ ልብስ ሰፊዋ ጋ እመለሳለሁ። ሳልንተባተብ «እርስዎንስ ማን ይጦርዎታል?» እላለሁ። ከዚያ ዝም ብዬ እጠብቃለሁ። ዝም ማለቱን እችልበታለሁ።