በመሳቢያዎ ለተቆለፈው ኮንትሮል

ግንቦት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.
አርባ ምንጭ፣ ሴቻ

ለተከበሩ የኮምፒውተር ማሰልጠኛችን ኃላፊ፣

ሰው ፊት መናገር አልችልም፤ ይህንንም የምጽፈው እየፈራሁ ነው። ለመሆኑ ጤናዎ እንዴት ሰነበተ? ቤተሰብዎ ሁሉ ደህና ይሁኑልኝ፤ ከሁሉ በላይ ግን ጣቶችዎ።

አንደኛ፦ ከየኪቦርዱ ላይ የኮንትሮልን ቁልፍ በቢላ ነቅለው መሳቢያዎ ውስጥ ስለቆለፉበት አመሰግናለሁ። ኮንትሮልንና ኤችን አንድ ላይ ስንጫን የመፈለጊያውና የመተኪያው ሳጥን ይከፈትልን ነበር፤ በኮዱ ውስጥ ብዙ ቦታ የተጻፈን ስም በአንዴ እንቀይር ነበር። አሁን በማውስ አንድ በአንድ እየፈለግን ስናጠፋና ስንጽፍ መብራት ይሄድብናል። ትዕግሥት ተማርን።

ሁለተኛ፦ የምዕራብ ዓባያ ሙዝ አምራቾችን ድረ ገጽ ያበላሸሁት እኔ እንደሆንኩ፣ ቁልፎቹም የተነቀሉት በእኔ ጥፋት እንደሆነ በክፍሉ ሁሉ ፊት ስለነገሩልኝ አመሰግናለሁ። ስሜን ያውቁታል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። እርግጥ ነው፣ አንድ መስመር ላይ ብቻ ሙዝ የሚለውን በማንጎ ለመቀየር ብለው ሁሉንም የሚተካውን ሪፕሌስ ኦልን የተጫኑት እርስዎ ነዎት፤ እኔ አጠገብዎ ቆሜ ነበር። ገበሬዎቹ በአንድ ከሰዓት የማንጎ አምራቾች ሆኑ፤ የሙዙ ፎቶ ግን እንዳለ ቀረ። እኔ ዝም አልኩ፤ እርስዎም ዝምታዬን ለሥራ አዋሉት። ከዚያ ወዲህ ባርኮት የሚባለው የክፍላችን ልጅ ባየኝ ቁጥር «አንቺ ማንጎ፣ ቁልፋችንን መልሺ» ይለኛል፤ ሌሎቹም ይስቃሉ።

ሦስተኛ፦ የነገው ፈተና በኮድ ውስጥ ስም መተካት ነው፤ በሰዓቱ ያልጨረሰ ሥልጠናውን እንደሚለቅም ለጥፈዋል። በማውስ ማንም እንደማይደርስ እርስዎም ያውቃሉ። እኔ ከወጣሁ ደግሞ ሙዙን ማን እንዳጠፋው ያየ ሰው በክፍሉ ውስጥ አይኖርም። ስለታሰበልኝ ዕረፍት አመሰግናለሁ።

የእርስዎን ዕድሜና የመሳቢያዎን ደህንነት ዘወትር የምመኝ፣ በር አጠገብ የምቀመጠው ሰልጣኝዎ

ዕድላዊት ዳምጤ

ማስታወሻ፦ ያን ዕለት ኮንትሮልን ይዘው ዜድን ቢጫኑ ኖሮ ሙዙ በሙሉ ወዲያው ይመለስ ነበር። ደግሞ የነቀሉት የግራውን ብቻ ነው፤ በቀኝ በኩል ሌላ ኮንትሮል አለ። ነገ በእሱ ፈተናዬን እጨርሳለሁ። ከፈተናው ስወጣም ይህን ደብዳቤ ከነስሜ ሰሌዳው ላይ፣ ከእርስዎ ማስታወቂያ ጎን እለጥፈዋለሁ።