ከፓራፋንጎው የወጣ ጎማ

ረቡዕ፣ የካቲት 9
የነነዌ ጾም መፈጸሚያ። የመኪናዬ ቸርኬዎች ተጣምመው አየር መያዝ ከተዉ ሰነበቱ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አራቱን እኅቶች እዚሁ ከተማ ሪያድ ሰፈር፣ ወደሚሠሩባቸው ቤቶች የማደርሰው በዚህችው መኪና ነው። ይልቁንም ፅዮን… እመቤቷ ዶክተር ረሺዳ ሥራ ከመሄዷ በፊት ካልደረሰች ሕፃኑን የሚይዝ የለም። ዳግመኛ ብትዘገይ የእሑድ ፈቃዷ ይቀራል ተብላለች።

ሐሙስ፣ የካቲት 10
ከልጄ ከገዛኸኝ ጋር አል-ሳሃፋ፣ ነጋዴው ሁዘይፋ ዘንድ። ያገለገሉ፣ ግን የሚያብረቀርቁ ቸርኬዎች። የቡሎን ቀዳዳቸውን ቆጠርሁ፤ ቁመትና ስፋታቸውን በሜትር ለካሁ። ከአሮጌዎቹ ጋር አንድ ነው።
«ሚያ ሚያ፣ መቶ በመቶ፣ ያ አቡና!» አለ ሁዘይፋ።
«አባባ፣ እየው! ጎማው ወጣ ብሎ ይቆማል» አለ ገዛኸኝ።
«ወጣ ማለቱ ለምንድር ነው?»
«ሰምሕ ነው በቃ። ያምራል። ያላ!»
አሮጌዎቹን በልዋጭ ሰጥተን እነዚህን አስገጠምን። ብቻዬን እስከ ቡሪ ነድቼ ፈተንኋት። ድምፅ የላትም። ተመስገን።

እሑድ፣ የካቲት 13
አፈርሁ። አራቱ እንደ ተሳፈሩ መኪናዋ ዝቅ አለች። በየጉድጓዱ የኋላው ጎማ ከላዩ ያለውን የፓራፋንጎ ጠርዝ ይመታ ጀመር።
«የኔታ፣ ምንድን ነው የሚያፋጨው?» አለች ፅዮን።
«ምንም አይደል።»
ምንም አይደል! መንገዱ ሳይጋመስ ጠርዙ ጎማውን ቀደደው። መጠባበቂያው ጎማ፣ ስኮርታውም፣ አየር የለው። ሌላ መኪና እስኪገኝ ረፈደ። ዶክተሯ ቦርሳዋን አንግታ፣ ሕፃኑን ታቅፋ ደጅ ቆማለች። አልጮኸችም። «ኻላስ፣ ፅዮን። ከእንግዲህ እሑድ የለም።»
ልጅቱ ወደ እኔ እንኳ አልዞረችም። ብትሰድበኝ ይሻል ነበር…

ሰኞ፣ የካቲት 14
ቸርኬውን አውልቄ ጀርባውን አየሁ። 20 የሚል ታትሞበታል። ከአሮጌዎቹ በቀረው፣ በስኮርታው ቸርኬ ላይ ግን 45። ኦፍሴት የሚሉት ይህን ነው ለካ፦ ቸርኬው ከመኪናው ጋር የሚገጥምበት ገጽ ከስፋቱ እኩሌታ ወደ ውጭ በኩል በስንት ሚሊሜትር እንደ ራቀ። ቁጥሩ ሲያንስ ጎማው ወደ ውጭ ይገፋል። ልዩነቱ የአውራ ጣት ስፋት ያህል ነው። በአውራ ጣት ስፋት የሰው ቅዳሴ ይቀራል?
ስለምን ጀርባውን አላየሁም? አንድም ከችኮላ፤ አንድም ማብረቅረቁ ስላታለለኝ። ሁለተኛው ይመስለኛል።

ረቡዕ፣ የካቲት 16
ከኪዳነ ምሕረት ንግሥ በኋላ ሁዘይፋ ዘንድ ሄድሁ። ይስቃል!
«ያ አቡና፣ ወደ ውስጥ የገባ ቢሆን ስፔሰር የሚሉትን ቀለበት ከመካከል አስገብቼ አወጣልህ ነበር። የወጣውን ማን ያስገባዋል? የፓራፋንጎውን ጠርዝ ልቁረጠው?»
«መኪናዬን ልትገርዛት ነው? 45 የተጻፈበት አምጣ።»
«ኢንሻአላህ።»
የእርሱ ኢንሻአላህ መቼ እንደሚደርስ ፈጣሪ ያውቃል።

እሑድ፣ የካቲት 20
ዘወረደ። ፅዮን የለችም። ቦታዋን እያየሁ ዜማውን ሳትሁ።

ሐሙስ፣ የካቲት 24
ተገኘ። ጥቁር ብረት፣ መልከ ጥፉ፣ ግን 45። ገዛኸኝን ከሦስት ጓደኞቹ ጋር አሳፍሬ በጉድጓዱ ሁሉ ነዳሁ። አልነካም።
«ታክሲ አስመሰልካት፣ አባባ» ይለኛል። ይበል።
ከዚያው ወደ ዶክተሯ። ጥፋቱ የእኔ እንጂ የልጅቱ አይደለም አልኋት። ሰዓቷን አየችና፣
«ሕሙማን ይጠብቁኛል፣ ያ አቡና። በሁለት ሰዓት ተኩል እርስዎ ራስዎ በሬ ላይ ያደርሷታል። አንድ ቀን ቢቀር፣ አበቃ።»
እሺ አልሁ። ቅዳሴው በዚያ ሰዓት እንደማይፈጸም እያወቅሁ እሺ አልሁ…

እሑድ፣ የካቲት 27
ፅዮን ቆረበች። እርሷን እንዳየሁ መቋሚያዬን አስቀምጬ ቁልፌን አነሣሁ። ገና አልተሰናበተም። ቄስ ንጋቱ ከመቅደስ አየኝ። አርባ ዓመት ሙሉ ስንብት ሳይሰጥ የሚወጣውን ሰው በግልምጫ ስመልስ የኖርሁ እኔ፣ ዛሬ አራት ሴቶች አስከትዬ ፊተኛ ወጣሁ።
ዶክተሯ በር ስንደርስ ሰዓቱ ገና ነበር። ፅዮን ግን አልወርድም አለች።
«ሳንሰናበት አወጡን እኮ፣ የኔታ! ያሰናብቱን እንጂ።»
ከኋላ ያሉት ሳቁ። ቀጥሎም ራሳቸውን ዝቅ አድርገው ጠበቁ።
«እትዉ በሰላም» አልሁ፣ መሪውን እንደ ያዝሁ።
ነጠላዋን ሰብስባ ሮጠች።