ከአልጋው ሥር የነበረው ጭስ

ጥር 14 ቀን

ለባለቤቴ፣

እንዴት ሰነበትሽ? ይህን የምጠይቅሽ ለደብዳቤ ወግ ብዬ አይደለም። እህትሽ ቤት ከገባሽ ወዲህ ራስ ምታቱ ተወሽ ወይ? ማቅለሽለሹስ? መልሱን እፈራዋለሁ፤ ቢሆንም ንገሪኝ።

እኔ አለሁ። ቤት ያደረግነው አውቶቡስም ከተዘጋው ጋራዥ ጀርባ እንደቆመ ነው። የሰፋሽውን መጋረጃ አላወረድኩትም። ከሄድሽ ሁለት ወር ከሳምንት ሆነሽ፤ ብርዱም ዘንድሮ አጥንት ይሰብራል።

ማክሰኞ ጠዋት የናፍጣ ማሞቂያው አልነሳም አለ። ቁልፉን ስጫን ፓምፑ ጠቅ ጠቅ ይላል፣ ማራገቢያው ይዞራል፣ ነጭ ጭስ ይተፋና ጸጥ። ታውቂኝ የለ፣ ሰው መጥራት አልወድም። ባትሪውን ለካሁ፤ ደህና ነው። የናፍጣውን ፊልትሮ ቀየርኩ። ማቀጣጠያውን ፈትቼ በሽቦ ብሩሽ ፈገፈግኩት፤ ጥላሸት ጠግቦ ነበር። መልሼ ስገጥመው አምስት ደቂቃ ነድዶ ጠፋ። እንዲህ ስታገል ሰንብቼ፣ ሐሙስ ሲያቅተኝ ዲናሞን ጠራሁት፤ ያን "ሞተር ከሰው ይበልጥ ያጫውተኛል" እያለ የሚያስቅሽን የመናኸሪያውን ሽማግሌ መካኒክ።

ዲናሞ ማሞቂያውን ለአፍታ አዳመጠና አጠፋው። ከዚያ አልጋችንን አስነስቶ፣ ከሥሩ ያለውን ሣጥን ከፍቶ በእጅ ባትሪ አየ።

"ይህን የጭስ ቱቦ የቀጠለው ማን ነው?" አለኝ።

"እኔ ነኝ።"

"መገጣጠሚያው ለምን ውስጥ ሆነ? ከወለሉ በታች መሆን ነበረበት እኮ።"

እውነቱን ነገርኩት። ስገጥመው ወገቤን አሞኝ ነበር፤ ጭቃ ላይ ተኝቶ ማሰር ሰለቸኝና "ማን ያየዋል" ብዬ እዚያው አልጋው ሥር ቀጠልኩት። ማሰሪያው ላልቷል። ዲናሞ ጣቱን ቢያስገባ ጥቁር ሆኖ ወጣ። ማሞቂያው የራሱን ጭስ መልሶ እየሳበ ነው ታፍኖ የሚጠፋው። የቀረው ጭስ በሣንቃው ክፍተት ወደ ላይ ይወጣል።

"በዚህ በኩል የሚተኛው ማን ነበር?"

"እሷ ነበረች።"

"ቀንስ?"

"ቀንም እዚሁ ትሰፋለች። እኔ ሥራ ላይ ነኝ።"

ኮፍያውን አወለቀ። "የሚገድለው የሚሸተው አይደለም፣ ልጄ፤ የማይሸተው ነው። በእግሯ መሄዷን አመስግን።"

አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ። "ናፍጣ ሸተተኝ" ስትዪኝ "አውቶቡስ ሽቶ ሊሸት ኖሯል?" ብዬ የቀለድኩብሽ እኔ ነኝ። "ራሴን" ስትዪ "ሰበብ ነው" አልኩሽ። መርፌው ላይ ክር ማስገባት አቅቶሽ ያለቀስሽ ቀን እንኳ፣ ኑሯችንን ንቀሽ መስሎኝ ፊቴን አዞርኩ። እኔም ጠዋት ጠዋት ራሴ ሲከብደኝ በድካም አሳበብኩ እንጂ የአንቺን ነገር አላሰብኩም። ይባስ ብዬ ለታላቅ ወንድምሽ "አውቶቡስ አንሷት ሄደች" ብዬ አማሁሽ።

ትናንት እሱ ዘንድ ሄጄ ቃሌን አነሳሁ። "እህትህ ልክ ነበረች፤ ጥፋቱ የኔ ነው" አልኩት፤ ቱቦውንም አንድ በአንድ አስረዳሁት። ስወጣ እስከ በሩ ድረስ ሸኘኝ።

ዲናሞ ቱቦውን ከወለሉ በታች አውጥቶ እንደገና ሠራው፤ ሣንቃውንም ደፈንን። አሁን ማሞቂያው ያለ ጭስ ይነድዳል። እኔ ነኝ ማብራት የከበደኝ፤ ልብስ ደርቤ እቀመጣለሁ።

አንድ ነገር ልለምንሽ። ነገ ዛሬ ሳትዪ ሐኪም ዘንድ ሂጂ። ክረምቱን ሙሉ የናፍጣ ጭስ ስትስቢ እንደኖርሽ ንገሪው። ማን ሠራው ካለሽ "ባሌ" በዪው፤ እንደ ልማድሽ አትሸፍኚልኝ።

ተመለሺ አልልሽም፤ በምን አፌ? አልጋውን ግን ወደ ማዶው ግድግዳ አዙሬዋለሁ። የስፌት መኪናሽንም ዘይት ቀብቼ፣ የጠዋት ብርሃን ከሚገባበት መስኮት ሥር አድርጌዋለሁ።

የሳብሽውን ሁሉ ፈጣሪ ከደምሽ ያውጣልሽ። ቀሊል ጠዋት ይስጥሽ።

ባልሽ፣
አንቺ እስከፈቀድሽው ድረስ